ታንጉት የማን እናት ናት

ሰው በየስብሰባው የሚያለቅስለት ሙያ ሁሉ ሞቶ ያደረ ነው ብዬ አምን ነበር። ግማሹን አሁንም አምናለሁ። «ባህላችን ጠፋ» እያሉ መድረክ ላይ መሀረብ የሚያወጡ ሰዎች ለልጃቸው ሰርግ አዝማሪ ሲጠሩ አይቼ አላውቅም። የሚጠሩት ባለ ኪቦርድ ነው። ስለዚህም «ለአዝማሪ አታልቅሱ» የሚል መጣጥፍ ጽፌ ነበር። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ባለቤቱን የማያበላ ጥበብ ማሲንቆውን ሰቅሎ ሌላ ሥራ ይፈልግ፤ አልቃሹም ወደ ቤቱ ይሂድ። ብዙ ሰው ሰደበኝ። እንደኔ ላለ ጸሐፊ ስድብ የአንባቢ ምርቃት ነው።

ያኔ እንዴት እኖር እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም። ትውልዴ ላይ ጋይንት ነው፤ መኖሪያዬ ባሕር ዳር ነበር። መጣጥፎቼን የማላውቃቸው ሰዎች በየቻናላቸው ላይ በወፍራም ድምፅ ያነቧቸው ነበር፤ ከበስተጀርባው ዋሽንት ያስገቡበታል። ዋሽንት የሚያስገቡት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ የጻፍኩት ስለ ቀረጥ ቢሆንም ዋሽንት አለው። ገንዘቡን እነሱ ይወስዳሉ፤ እኔ ደግሞ «የሰማህ ሰው ብዛት» እየተባለ ይነገረኛል። ወዳጆቼ ለምን አትከሳቸውም ሲሉኝ «መነበብ ራሱ ክፍያ ነው» እላቸው ነበር። የምኖረው ግን የሌሎችን ሰዎች ጽሑፍ በማረም ነበር።

እንግዲህ በጥር ወር የአጎቴ ልጅ ምስጋናው የበኩር ልጁን ሊድር ጠራኝ። ምስጋናው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። ከጎኔ አንዲት በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ከባሏ ጋር ተቀመጠች። ባልየው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ማሲንቆ በጉልበቶቹ መሀል አቁሟል፤ አንገቱ ከከረጢቱ ወጥቶ እንደ ዶሮ ያያል።

ሹፌሩ ፍላሹን ሰካ። በዚያ ሰሞን በየባጃጁና በየሱቁ የሚሰማው የሰርግ ዘፈን መጣ። እኔ እንኳ፣ ሙዚቃ የማልሰማው ሰውዬ፣ ዜማውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እያንጎራጎረ ሳለ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። ሴትዮዋ የአንድ ሰው ብቻ ቆጥራ ሰጠችው።

«እናት፣ የአንድ ሰው ነው የሰጠሽኝ።»

«የባለቤቴ ነው። የኔን ከዘፈኑ ላይ ቀንሰው።»

«ከየቱ ዘፈን?»

«ከዚህ ከምትሰሙት።»

ረዳቱ ሳቀ። «ባለፈው ደግሞ አንዱ የመኪናው ባለቤት ነኝ ብሎኝ ነበር።»

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ትንሽ ጠበቀችና ቅጂው ገና ሳይደርስበት ቀድማ፣ በዝግታ፣ አንድ ስንኝ አወጣች፦

*ታንጉት ናት እናትሽ ቤቱን ያቆመችው።*

ወዲያው ከድምፅ ማጉያው ያው ስንኝ፣ በዚያው ድምፅ፣ ተከትሏት መጣ። መኪናው ውስጥ የሚያንጎራጉር ጠፋ። ረዳቱ ሹፌሩን በመስተዋት አየው።

«አሳልፋት» አለ ሹፌሩ።

«ዛሬ ይለፍ» አለ ረዳቱ፤ «ስትመለሺ ግን ሌላ ዘፈን ይዘሽ ነይ። ይሄ ሰልችቶናል።»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ፈገግ አለች። ስሟ የሻረግ ነው፤ ባሏ አላምረው። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ይመታል። ታንጉት ማን እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ስማዳ ያለች ሴት ናት፣ ጌታው። ልጇን ስትድር ጠርታን ዘፈንኩላት። ስሟን ማስገባት ደንብ ነው። አንድ ባለ ቻናል ልጅ በስልክ ቀዳው። ስንት ሰው እንዳየው የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ ያወቅነው የምንሄድበት ቤት ሁሉ ዘፈኑ ቀድሞን ሲደርስ ነው።»

«ከፈላችሁ?»

«ስማችሁን አስጠራሁላችሁ አለን። ስሜንስ አልጻፈውም። ‹የስማዳ ምርጥ ሰርግ› ነው የሚለው።»

«እኔማ ጉልበቴ ነው የሚታየው» አለ አላምረው። «ጉልበቴን ግን በየአገሩ ያውቁታል።»

ራሳቸውም ሞክረው ነበር። ሰው ለምነው የራሳቸውን ቻናል አስከፈቱ፤ ያንኑ ዘፈን አስጫኑ። ድምፁ የሌላ ሰው ንብረት ነው የሚል መልስ መጣላቸው። ይህን ስትነግረኝ እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ። «ድምፄን ደግሞ ከማን ልበደር?» አለች።

እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተከራከርኩ። ዘፈኑ ቀድሞ መሄዱን እንደ ማስታወቂያ ቁጠሩት አልኩ።

«ማስታወቂያ ያየ ሰው ዕቃውን ይገዛል ብለው ነው?»

«አዎ።»

«እዚህ እኮ ዕቃው ማስታወቂያው ውስጥ ነው ያለው። ገዝቶ ምን ይጨምራል? ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ከስልክ ስልክ፣ ከፍላሽ ፍላሽ ይገለብጡታል። ያን ጊዜ ባለ ቻናሉም እንደኔው ባዶ እጁን ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ጥፋቱ የቀጂው ብቻ አይደለም። ሰው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ይኸው ይህ ሁሉ ተሳፋሪ የማያውቃትን ሴት እናትሽ ናት እያለ ይዘፍናል። የሁሉም የሆነ ዘፈን የማንም አይደለም፤ የማንም ላልሆነ ነገር ደግሞ የሚከፍል የለም።»

በመስኮት አየች። ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ የተከመረ ጭድ፣ መንገድ ዳር የቆመ በቅሎ አለፉ። «የራሱን እናት እስኪያስታውሱት ድረስ ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የምንወርደው አንድ ቦታ ሆነ። የምንሄደውም ወደ አንድ ሰርግ።

ዳሱ ከደጁ ያለውን ሜዳ ሞልቶታል፤ ከላይ ሸራ፣ ከጎን የባሕር ዛፍ ቅጠል። አንድ ዳር ለሙስሊም እንግዶች የተለየ ማዕድ ተዘርግቷል። በስተ ቀኝ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት ጥቁር ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል፤ ከጓሮ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ባለቤታቸው ዘላለም የሚባል የከተማ ወጣት ነው፤ ሰው ሁሉ «ዲጄ» ይለዋል። እኔ ከመቀመጤ ምስጋናው እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አንተ መናገር ትችላለህ» አለኝ። «እነዚያን አዝማሪዎች አሰናብትልኝ። ምሳ ይብሉ፣ ቀብዱም ይቅርላቸው፤ ብቻ በሰላም ይሂዱ።»

«ጠርተሃቸው የለ?»

«የጠራኋቸው ገበያ ላይ ነው፤ ዲጄው ገና ሳይገኝ። አሁን እሱ የሷን ዘፈን ይዞት መጣ። አንድ ዘፋኝ ሁለት ጊዜ ይቀጠራል እንዴ?»

ይህን ነገር አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ እኔ ብናገረው ያጨበጭቡልኝ ነበር። መጣጥፌ ሙሉውን ያለው ይህንኑ ነው፤ ምስጋናው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ልክ ነው ብዬ ሄድኩ።

ከዳሱ ጀርባ፣ ከጠላው ጋኖች አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ፣ አላምረው ማሲንቆውን ሲቃኝ። ነገሩን እንደ ሽማግሌ አዙሬ፣ አለስልሼ ተናገርኩ። አስጨረሰችኝ።

«ጌታው፣ የጠራኝ አያ ምስጋናው ነው። የሚመልሰኝም እሱ ይሁን።»

«ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ነው የላከኝ።»

«እኔስ ሰው የለኝም? ዳሱን አይተውታል? እስከ ጾሙ መግቢያ ልጅ የሚድር አባት ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። ዛሬ ከዚህ ቤት ምሳ በልቼ ከተሸኘሁ ሁሉም ፍላሽ ገዝቶ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚጠራኝ የለም።»

«እኔማ ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እወርዳለሁ ብያታለሁ» አለ አላምረው ገመዱን እየነካ። «ሰሊጥ ስታጭድ ማንም አይቀዳህም።»

«አንተ ዝም በል፤ ገና አልሞትንም።» ወደኔ ዞረች። «አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ዲጄው የኔኑ ዘፈን ያጫውት። እኔ አብሬ ልግባ። አንድ ዘፈን ብቻ። ዳሱ ‹ያቺ ትበቃናለች› ካለ ምሳውን ሳልቀምስ እሄዳለሁ። ቀብዱንም እመልሳለሁ።»

«ያ ድምፅ ማጉያ እኮ ይውጥሻል።»

«በጉልበት ከሆነ አዎ።»

የማላምንበትን መልእክት ይዤ ተመለስኩ። ምስጋናው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን በአጠገቡ የነበሩት አባቶች ሰምተው ኖሮ «ይሁን፣ እንይ» አሉ። ሰው ውድድር አይጠላም። ዘላለምም አልከፋው። «ከራሷ ጋር? ይሁን፤ እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ ዋጣት። ዘፈኑ ሲነሳ የዳሱ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። የአላምረው ማሲንቆ ሲመታ ይታያል እንጂ አይሰማም። የሻረግ አፏ ይከፈታል፤ የሚሰማው ግን የዚያኛዋ ነው፣ የስማዳዋ፣ ያልደከማትና መንገድ ያልተጓዘችው። ወጣቶቹ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረው እስክስታ ያዙ፤ ለእሷ የቀረላት ጀርባቸው ነው። ምስጋናው አየኝና ትከሻውን ሰበቀ። እኔም ተገረምኩ ልበል? አልተገረምኩም። ትክክል ሆኖ መገኘት ግን ሁልጊዜ እንደማይጣፍጥ ያን ቀን ነው የቀመስኩት።

እሷ መዝፈኑን ተወችው። ተሸንፋ መሰለኝ። ቀስ ብላ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደችና በሬ እንደሚያረጋጋ ሰው መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፁ ዝም ብሎ ማሲንቆ ብቻ የሚሰማበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ለዚያ ጥቁር ሳጥን፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ «ተቀበይ» አለችው።

የአገሬው ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። አልቀበልም የሚል አዝማሪ የለም። ስለዚህ ቃሉ ሲወጣ እስክስታ የያዘውም ቆመ፤ ለሳጥን ግጥም ሲሰጥ ያየ የለማ። እሷም ሰጠች፦

*ድምፄን ድምፅ አድርገሽ ዳሱን የሞላሽው፣*
*የሙሽሪት እናት ስሟን ማን ነው ያልሽው?*

ሳጥኑም፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ተቀበለ። እስከ መጨረሻው በተከፈተ ጉልበቱ፣ ቤት እየመታ መለሰላት፦

*ታንጉት ናት እናትሽ ቤቱን ያቆመችው።*

ሰው ሁሉ ያን ስንኝ ወር ሙሉ ዘፍኖታል፤ ያን ቀን ገና ሰማው። የሙሽሪት እናት፣ የምስጋናው ሚስት ውባለም፣ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዐይን ሁሉ ወደ እሷ ሄደ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ዳሱ ከድምፅ ማጉያው በላይ ጮኸ። ሴቶቹ ወገባቸውን ያዙ። አንዱ «ውባለም፣ ከቤትሽ ውጪ፤ የቤቱ ባለቤት መጥታለች» አለ።

ያልሳቁት አባ ተገኘ ብቻ ናቸው፤ የውባለም አባት። በወጣትነታቸው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ በኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

«ታንጉት ማን ናት? በልጄ ቤት፣ በልጄ ድግስ፣ የማን እናት ነው የምትመሰገነው?»

ምስጋናው ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ ዘፈን እኮ ነው…»

«ዘፈንማ ስም አለው። እኔ ድጓን የተማርኩት ከመምህሬ አፍ ነው። ስሳሳት ያርመኛል፣ ስደግም ይሰማኛል። ይሄ ሳጥንህ ማንን ይሰማል?»

ዘላለም ነገሩ ገብቶት ራሱ ቀነሰው። የሻረግ ግን አልጨረሰችም። በቀረችው ዝቅተኛ ድምፅ ላይ፣ አሁን አላምረው በደንብ እየተሰማ፣ ለሳጥኑ ሁለተኛ ሰጠች፦

*ሺህ ቤት ትዘፍኛለሽ ባንድ ጊዜ ቆመሽ፣*
*እኔ ነኝ የራበኝ አንቺ ምን አለብሽ።*

«ተቀበይ» አለችው እንደገና። ሳጥኑ ያው ስለ ታንጉት ይዘፍናል። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አሁን ሌላ ነበር። ዘላለም ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተውና «እኔም የምበላው በዚህችው ሴትዮ ድምፅ ነው፤ አልጣላትም» አለ።

ዳሱ ውስጥ የማሲንቆው ድምፅ ብቻ ቀረ። የሚያምር ነገር አልነበረም፤ ቀጭን ነው፣ ከዳሱ ወዲያኛው ጫፍ አይደርስም። ሰው ሊሰማው ሲል ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አለ። አባ ተገኘ ተነሡ።

«ተቀበይ፣ ልጄ።»

«ይበሉ፣ አባቴ።»

*በረዶ መቶበት ገብሱ ያለቀ ለት፣*
*ድሪዋን ሸጣ ነው ፊደል ያስቆጠረቻት።*

የምስጋናው ዘመድ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ሙሽራይቱ ደብረ ታቦር ተምራ ነርስ ሆናለች፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን። በረዶው ማሳውን በመታበት ዓመት እናቷ የአንገት ድሪዋን ሸጣ ትምህርት ቤት እንዳቆየቻት የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሻረግ ግጥሙን ተቀብላ አንድ ጊዜ እንዳለ አወጣችው። ሁለተኛውን ጊዜ «ውባለም» የሚለውን ስም አስገባችበት። ሦስተኛውን ወደ ውባለም ሄዳ፣ ፊት ለፊቷ፣ ድሪው ይውልበት የነበረውን አንገቷን እያየች ዘፈነችው። ውባለም ትሪውን ለሰው ሰጠችና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ሙሽራይቱ ከውስጥ ወጣች፤ ያለ ጊዜዋ ነበር፣ የከለከላት የለም። ምስጋናው ከሁሉም ቀድሞ ብር አውጥቶ የሻረግ ግንባር ላይ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ የቆጠረ የለም።

እኔ ጥጌን ይዤ ቆሜያለሁ። እኔ ለማንም አልሸልምም፤ አቋም ነው። አዝማሪ ደግሞ አቋም አያከብርም። ሳላስበው ከፊቴ ደረሰች፦

*መጽሐፍ ጻፈ አሉኝ ያ ጥጉን የያዘው፣*
*ከኪሱ አልወጣ አለ እጁን ምን ነከሰው።*

ዳሱ በሙሉ ዞሮ እጄን አየ። አወጣሁት። ባዶውን አላወጣሁትም። አላምረው በጎኔ ሲያልፍ «አይዞዎት፣ እባብ አልነበረም» አለኝ።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር ሆነ፤ የታሪኩ ወገብ እሱ ነው። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ሊቀጥራት ቀረበ። በዚያው ጊዜ ሦስት አራት ወጣቶች ስልካቸውን አንስተው እየቀዱ ነበር። ምስጋናው ሊያስቆማቸው ሄደ፤ አሁን ጠበቃዋ ሆኗላ። የሻረግ ያዘችው።

«ተዋቸው፣ አያ ምስጋናው። ይቅዱ።»

«ነገ ይዘውት ይጠፋሉ።»

«ይዘውት ይሂዱ። ውባለም የሌለችበትን አንድ ስንኝ ካገኙ ይውሰዱት።» ከዚያ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ታንጉት ላይ የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን አስገብቼ ነው። ከእንግዲህ ስም የሌለበት ስንኝ ከአፌ አይወጣም። እናቷ፣ አባቷ፣ ሰፈሯ፣ የሸጠችው ድሪ ሳይቀር። የሰረቀው ሰው በልጁ ሰርግ ላይ የሰው እናት ያመስግን።»

ሰይድ ሳቀ። «ጨርቅ ላይ ስም አስጠልፎ እንደ መሸጥ ነው» አለ። «ለኔም ቤት ስሞቹን ዛሬውኑ ልንገርሽ። የባለቤቴን ስም ከረሳሽ ግን አብረን ነው የምንባረረው።»

ከዚያ ዳስ ሳይወጡ የቀጠሯት አባቶች ለዚያ ወቅት በቁ። ዘላለምም ጭምር ጠራት፤ እህቱን ሊድር ነው። «ድምፅ ማጉያውን በነጻ» አላት። «ለአንተ ቤት አያስፈልግም» አለችው፤ «ሳጥንህ ለመንገድህ ብቻ ይሁንልህ።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ አዝማሪ ድል አደረገ፣ ቴክኖሎጂ ተሸነፈ ብላችሁ እንዳትጽናኑ። አልተሸነፈም። ያ ባለ ቻናል አሁንም ታንጉትን እየሸጠ ይበላል። ሚኒባሶቹ አሁንም ያጫውቷታል። የሻረግም ሀብታም አልሆነችም፤ አላምረው ባለፈው ሳገኘው አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ አሳይቶኝ «ይኸው ከሰሊጥ የተረፈ እግር» ነው ያለኝ። ያገኘችው ነገር ሌላ ነው፤ የምትሸጠው ምን እንደሆነ ለየች። ዜማ አትሸጥም፤ ዜማውማ ከአፏ ከወጣ የነፋስ ነው። የምትሸጠው መቀበልን ነው፤ አንድ ሰው ስለ ልጁ የተናገረውን ሰምቶ፣ አንገቷን አይቶ፣ መመለስን። ያን የሚሰርቅ ፍላሽ ገና አልተሠራም። ቢሠራም እሷ ሌላ ነገር ትፈልጋለች፤ አይቻታለሁ፣ አትቀመጥም።

ለአዝማሪ አታልቅሱ ያልኩትን አልሰረዝኩትም። ማልቀስ አሁንም አያስፈልግም። «ማሲንቆውን ይስቀል» ያልኩትን ግን አንስቻለሁ። ብዕሬን መስቀል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የማንም ያልሆነ ጽሑፍ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኛ። «የሰው ልጅ» እላለሁ፣ «ኅብረተሰባችን» እላለሁ፤ ማንም ዋሽንት አስገብቶ ቢያነበው የሚጎረብጠው ስም የለውም። ከዚያ ሰርግ በተመለስኩ በሰሞኑ የሰው ጽሑፍ ማረሙን ተውኩ፤ ባሕር ዳርን ለቅቄ ንፋስ መውጫ ገባሁ። አሁን የምኖረው ከከተማ ከተማ እየሄድኩ በማንበብ ነው፤ ደብረ ታቦር፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ። በር ላይ ይከፈላል። ሰው መሀል ላይ ያቋርጠኛል፣ ይሰድበኛል፣ «ተቀበል» ይለኛል፤ እቀበላለሁ። አንዳንድ ቀን አዳራሹ ባዶ ነው። እነዚያን ቀኖች ሚኒባስ ውስጥ ሒሳቤን ከጽሑፌ ላይ ቀንሱልኝ ለማለት ይዳዳኛል፤ እስካሁን ግን የሚያነብልኝ ረዳት አላገኘሁም።

ይህን ጽሑፍ ደግሞ በቻናልህ ላይ በወፍራም ድምፅህ ልታነበው የተዘጋጀኸው ወንድሜ ሆይ፣ አንብበው። ዋሽንቱንም አስገባ። ስታነብ ግን እኔ የምስጋናው የአጎት ልጅ፣ የላይ ጋይንት ሰው ነኝ ማለት አለብህ። ሙሽራይቱ የውባለም ልጅ ናት ማለት አለብህ። በረዶው ገብሱን በመታበት ዓመት ድሪዋን ሸጣ ያስተማረቻት ውባለም ናት። አንተን ያስተማረችህ ማን ናት? እስኪ ስሟን ንገራቸው።